«ፕሮሰስ ላይ ነው»

«ልጄ፣ ይሄ ፕሮሰስ የሚሉት ስንተኛ ፎቅ ነው?»

ጠያቂዋ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት። ባላቸው 27 ዓመት በዘበኝነት ካገለገሉበት መሥሪያ ቤት የሚፈልጉት አንዲት የአገልግሎት ማስረጃ ደብዳቤ ነበረች። ያቺ ደብዳቤ ካልመጣች የሟቹ ጡረታ ወደ ሚስት አይተላለፍም። አሥራ አንድ ወር ተመላለሱ። በሄዱ ቁጥር መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ «ማዘር፣ ፋይሉ ፕሮሰስ ላይ ነው» ትላቸዋለች። እሳቸው አማርኛ ያውቃሉ። «ላይ» ማለት ላይ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ፣ መደርደሪያ ላይ፣ ፎቅ ላይ። ስለዚህ ፋይሉ ያለበት ቦታ በተደጋጋሚ ተነግሯቸዋል፤ ያልተነገራቸው ቦታው በየት በኩል እንደሆነ ነው። የሕንፃው ሊፍት ስለማይሠራ፣ ጉልበታቸው የሚችለው ፎቅ መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ማወቅ ፈልገው ነበር የጠየቁኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩና የምለው ጠፋኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ቃል ስሰነጥቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። «እማማ፣ ፕሮሰስ ማለት ሂደት ማለት ነው» ልበላቸው? ሂደት ከ«ሄደ» የወጣ ቃል ነው። ፋይሉ ሂደት ላይ ነው ካልኳቸው «ወዴት እየሄደ? ማን ይዞት?» ማለታቸው አይቀርም። ቢሉም እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ ቃሉን ከሥሩ እንየው። ጥፋቱ የእንግሊዝኛው እንዳይመስለን።

እንግሊዝኛ አንድን ቃል እንደ ድሃ ቤተሰብ ልብስ ከታላቅ ወደ ታናሽ እያስተላለፈ ለሁሉም ማልበስ የሚወድ ቋንቋ ነው። «ረን» ለምትባለው አንዲት ግስ ብቻ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከ600 በላይ ፍቺ ቆጥረውላታል። ፕሮሰስም ከእነዚህ ብዙ ልጅ ካሏቸው ቃላት አንዱ ነው። ሥሩ ላቲን ነው፤ «ወደፊት መሄድ»። በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ ወደ እንግሊዝኛ ከገባ ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል። ሐኪም ሲናገረው ከአጥንት ላይ ወጣ ያለ ጉጥ ነው፤ ከጆሯችሁ ጀርባ በጣታችሁ ስትነኩት የሚቆረቁራችሁ ጉብታ አንዱ ፕሮሰስ ነው። የፋብሪካ ሰው ሲናገረው ወተት አይብ የሚሆንበት መንገድ ነው። የኮምፒዩተር ሰው ሲናገረው ማሽኑ በዚያች ደቂቃ እየሠራ ያለው ፕሮግራም ነው። አነባበቡን ጠበቅ አድርገው መጨረሻው ላይ ሲጥሉት ደግሞ በሰልፍ መሄድ ይሆናል፤ ካህናት ታቦት ሲያጅቡ እንደሚሄዱት ያለ አካሄድ።

የሕግ ሰው ሲናገረው ግን ቃሉ ጥርስ ያወጣል። በእንግሊዝ ሕግ ፕሮሰስ ማለት ፍርድ ቤት አንድን ሰው «ቀርበህ መልስ ስጥ» የሚልበት መጥሪያ ነው። ይኸው መጥሪያ እዚያ በተጠሪው እጅ ይሰጣል፤ እጅ በእጅ የሚያደርስ ሰው አለው፣ ያም ሥራ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1354 በንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ዘመን የወጣ አንድ ሕግ ደግሞ ማንም ሰው፣ ምንም ዓይነት ደረጃ ቢኖረው፣ በሚገባው የሕግ ፕሮሰስ ቀርቦ መልስ ሳይሰጥ ከመሬቱ እንዳይነቀል፣ እንዳይታሰር፣ እንዳይገደል ደነገገ። አሜሪካኖች ይህንኑ ሐረግ ወርሰው በ1791 በአምስተኛው፣ በ1868 ደግሞ በአሥራ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያቸው ውስጥ አስገቡት። ማለትም ቃሉ በተወለደበት መንደር ትንሹ ሰው ትልቁን የሚመክትበት ጋሻ ሆኖ ነው ያደገው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ጋሻው ዞረ። አሁን የያዘው በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው፤ የሚመከቱት በውጭ የቆሙት ባልቴት ናቸው።

አሁን ደግሞ ቃሉ ብቻውን እንደማይሄድ ልብ እንበል። እንግሊዝኛ ለፕሮሰስ ጎረቤቶች አሉት። የተጻፈ የአሠራር ደንብ ከሆነ ፕሮሲጀር ይላል። በችሎት የተባለውና የሆነው ነገር ፕሮሲዲንግስ ነው። የአሠራሩ ዘዴ ሜተድ ነው፣ ሙግቱ ራሱ ትራያል ነው። አንዱ የአንዱን ሥራ አይነካበትም። እኛ ከመንደሩ ሁሉ አንዱን ብቻ ጠርተን አመጣነውና የጎረቤቶቹንም ሥራ፣ የራሳችንንም ቃላት ሥራ አሸከምነው።

የራሳችን ቃላት ያልኩት በከንቱ አይደለም። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ዘንድ ሂዱና «ጠላው ምን ላይ ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ፕሮሰስ ላይ ነው» አትላችሁም። ጥንስስ ነው ትላለች። ድፍድፍ ነው ትላለች። ጉሽ ነው፣ ከቸኮላችሁ ጉሹን ጠጡ ትላለች። ወይም ጠሏል፣ ኑ ትላለች። በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ፣ መቼ ተመልሳችሁ መምጣት እንዳለባችሁ አለበት። ጥንስስ የተባለ ሰው በማግሥቱ ማሰሮ ይዞ አይመጣም። ቆዳ ፋቂውም፣ ሸማኔውም፣ ቡና አጣቢውም እንዲሁ ነው፤ ቡናው ተፈልፍሏል፣ ታጥቧል፣ አልጋ ላይ ነው፣ ደርቋል፣ ተቀሽሯል። እዚህ «አልጋ ላይ ነው» ሲባል አልጋው አለ፤ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። እነዚህ ሰዎች ያልተማሩ እያልን የምንጠራቸው ናቸው። የተማርነው ደግሞ ደረጃ ያለውን ነገር ሁሉ ደረጃ በሌለው አንድ ቃል ጠቅልለን እንሰጣለን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እንኳ ሂደቱን ሲናገር መጨረሻ ላይ እግር አለው።

በሕግ በኩልም ቢሆን ድሆች አልነበርንም። አቤቱታ፣ ሙግት፣ ዋስ፣ ተጠየቅ፣ በላ ልበልሃ፣ ቁራኛ። ቁራኛ ምን እንደነበር ለወጣት አንባቢዎቼ ላስታውስ፤ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በኩታቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው የሚሄዱበት ሥርዓት ነበር። ይመለስ የሚል የለም፣ እኔም አልልም። ነገር ግን በቁራኛ የታሰረ ሰው ባለጉዳዩ ማን እንደሆነ ለአንዲት ደቂቃ አይጠፋውም ነበር፤ ኩታውን ሳብ ሲያደርግ ሌላው ይመጣለታል።

ደጅ ጥናትም እንዲሁ። የጌቶች ደጅ ላይ ሳምንትና ወር እየቆሙ፣ ፀሐይ እየመታቸው፣ ጌታው በበቅሎ ብቅ ሲሉ «አቤት! አቤት!» እያሉ መንበርከክ ውርደት ነበር። ለውርደቱ ቅኔ አልቀኝለትም። ሆኖም ስሙ የነገሩን እውነት ይናገራል። ደጅ አለ፤ ከደጁ ጀርባ ሰው አለ፤ አንተ ትጠናለህ፣ እሱ ይዘጋል። ማን እንደበደለህ ታውቃለህ፣ ብትረግምም እርግማኑ አድራሻ አለው። ዛሬ ደጅ ጥናት ቀረ ብለን ኮርተናል። የቀረው ስሙ ነው፤ ጎረቤቴ አሥራ አንድ ወር ያደረጉት ደጅ ጥናት እንጂ ሌላ ምንድነው? ልዩነቱ የዛሬው ደጅ ጥናት ደጅም ጌታም የሌለው መሆኑ ነው።

ይህን ሳስብ ሳስተምረው የነበረ አንድ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ፍራንዝ ካፍካ በሞተ በዓመቱ፣ በ1925 እ.ኤ.አ.፣ አንድ ልብ ወለዱ ታተመ። በጀርመንኛ ርዕሱ ይኸው ቃላችን ነው፤ ፕሮሰስ። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ቃሉን ዛሬም ለችሎት ሙግት ይጠቀሙበታል። እንግሊዝኛ ተርጓሚዎቹ በ1937 ሲያወጡት ግን ርዕሱን ትራያል አሉት፤ በእነሱ ቋንቋ ፕሮሰስ ብቻውን ሙግት ማለት መሆኑ ደብዝዞ ነበርና። ታሪኩ ጠዋት ከመኝታው ሳይነሳ ስለታሰረ ሰው ነው። ክሱ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይነገረውም፤ ዓመት ሳይሞላ ይገደላል። በመሐል አንድ ቄስ ለዚህ ሰው ተረት ይነግረዋል፦ አንድ የገጠር ሰው ወደ ሕግ ለመግባት ይመጣል፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ዘበኛው «አሁን አይቻልም» ይለዋል፤ ሰውየው በርጩማ ተሰጥቶት ደጁ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ይቀመጣል። ሊሞት ሲል ዘበኛው በሩ ለእሱ ብቻ የተሠራ እንደነበር ይነግረውና ሊዘጋው ይነሳል።

ተማሪዎቼ ይህን ስናነብ ስለ ህልውና፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ዘመናዊው ሰው ብቸኝነት የጻፉልኝ ወረቀት ብዛቱ! አንድ የጎጃም ልጅ ብቻ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይሄ ደጅ ጥናት አይደለም እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ነገሩ ከዚያ የጠለቀ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። አሁን ሳስበው በዚያ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ያነበበው እሱ ብቻ ነበር።

ወደ ቢሮው ልመለስ። እንደ እኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቢፒአር የሚባል ነገር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደገባ የማያስታውስ የለም። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ። ሐሳቡ ሀመርና ቻምፒ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቀ ነው፤ ሥሩም መጥፎ አልነበረም። ባለጉዳይ ከክፍል ክፍል አይንከራተት፣ መንገዱን ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚጠየቅበት አንድ ሰው ይኑር ነው የሚሉት። በወር ያልቅ የነበረ ጉዳይ በአንድ ጠዋት የተጨረሰበት መስኮት እንደነበረ አልክድም። እኛ ግን ከሐሳቡ ይልቅ ስሙን አጥብቀን ያዝን። በአንድ ጊዜ በየግድግዳው «ዋና የሥራ ሂደት»፣ «ደጋፊ የሥራ ሂደት» ተለጠፈ። ኃላፊ፣ ሹም፣ አለቃ የሚባሉት የጠሩ ቃላት ሄደው በምትካቸው «የሥራ ሂደት ባለቤት» መጣ። ባለቤት! ሊጠየቅ የተሾመ ሰው ባለቤት ተብሎ ተሰየመ። ባለቤት ይጠየቃል እንዴ? ባለቤት ያዝዛል እንጂ።

አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ «አንተ ደግሞ ቋንቋ ከቋንቋ መዋሱ ምን ያስቆጣሃል?» ይለኛል። አያስቆጣኝም። ጠረጴዛን ከግሪክ፣ መኪናን ከጣሊያን፣ ቢሮን ከፈረንሳይ ወስደን ምንም አልጎደለብንም፤ አዲስ ነገር መጣ፣ ስሙን ይዞ መጣ። ለቪዛ የሚጠብቅ ሰው ፕሮሰስ ጀመርኩ ቢልም አልጣላውም። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የተፈጠረው ዲቪ ስንቱን ቤተሰብ ይህን ቃል እንዳስተማረ እናውቃለን። ዋሽንግተን ያለው ባል ለሚስቱ ፕሮሰስ ጀመረላት ሲባል ቢያንስ የማመልከቻ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩን አስገብቶ ምን ላይ እንደደረሰ ይጠየቃል፣ እምቢ ከተባለም ወረቀት ይመጣል። እዚያ ቃሉ ሥራውን እየሠራ ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ ምንም አዲስ ነገር ሳያመጣ የነበረውን ስም ለመሸፈን የሚዋሰው ቃል ነው።

የሚሸፈነውም ሰው ነው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በጀርባው አዝሎ የሚሄድ ግስ ነው። «ጻፈች» ካልኩ ሴት ናት፣ አንዲት ናት፣ ጽፋለች። «አልፈረሙም» ካልኩ ያልፈረሙ ሰው አሉ። በዚህ ቋንቋ «ደብዳቤውን አልጻፍኩትም» ሳይሉ ደብዳቤ አለመጻፍ አስቸጋሪ ነው። ድሮ መሸሸጊያችን «ይታያል»፣ «ይታሰብበታል»፣ «ተልኳል» ነበረ፤ እነዚህ እንኳ «ማን ያየዋል?» የሚል ጥያቄ ያስነሳሉ። «ፕሮሰስ ላይ ነው» የሚለው ግን ምንም አያስነሳም። ማንም አልሠራም፣ ማንም አልተወም። ውሸትም አይደለም። ልጅቷ መስኮቱ ውስጥ ሆና ስትናገረው ህሊናዋ አይቆረቁራትም።

እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ተናግሬው ነው የማውቀው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንዲት ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፏን አስረክባኝ በየሳምንቱ ቢሮዬ ትመጣ ነበር። «ፕሮሰስ ላይ ነው» አልኳት። ሦስት ጊዜ ይሁን አራት ጊዜ። ጽሑፉ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ካልተነበቡ ወረቀቶች ሥር ነበር። «አላነበብኩትም» ብላት ኖሮ ወይ ታለቅስ ነበር፣ ወይ ትከሰኝ ነበር፣ ወይ እኔ አፍሬ በዚያው ምሽት አነበው ነበር። ፕሮሰስ ስላልኳት አመስግናኝ ሄደች። ምረቃው አለፋት፤ አንድ ዓመት ጠበቀች። ይቅርታ የጠየቅኳት ከስንት ዘመን በኋላ መንገድ ላይ አግኝቻት ነው፤ እሷ ደግሞ «ምንም አይደል መምህር፣ ፕሮሰሱ ነው እኮ ያዘገየው» አለችኝ።

እናም ከባልቴቷ ጋር አብሬ ሄድኩ። ፕሮሰስ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ በዓይኔ ልይ ብዬ።

መስኮቱ ምድር ቤት ነው። ልጅቷ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትሑት ናት። «ማዘር መጡ? ፕሮሰስ ላይ ነው» አለች፣ ገና ሳንጠይቃት። «ፋይሉን አሁን የያዘው ማን ነው?» አልኳት። ጥያቄው ግራ አጋባት። «ፋዘር፣ የሥራ ሂደቱ ባለቤት የሉም» አለችኝ። ይሄኔ ባልቴቷ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ በእውነተኛ ሐዘን፣ «ውይ! የሱም ባለቤት ሞቱ እንዴ?» አሉ። ልጅቷ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ ከወንበሯ ተነስታ ከኋላዋ ያለውን መደርደሪያ መፈለግ ጀመረች። ፋይሉ እዚያው ነበር፤ ከተቀመጠችበት ወንበር ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው። ከፈተችው። ደብዳቤው ተረቅቋል። የሟቹ ጉርድ ፎቶግራፍ ጎድሎ ነበር። አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ። ባልቴቷ ከቦርሳቸው መሐረብ አወጡ፣ ከመሐረቡ ውስጥ ፕላስቲክ፣ ከፕላስቲኩ ውስጥ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ይዘውት ሲመላለሱ ነበር፤ የጠየቃቸው አልነበረም።

ልጅቷ አንዱን ተቀብላ ለጠፈችው። «እናቴ፣ ይቅርታ፤ እኔ ነኝ ያላየሁት» አለች። ማዘር ማለቷ በዚያች ደቂቃ እንደቀረ ልብ አልኩ፤ ለምን እንደሆነ ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ስልክ ደወልኩላት። «ወጪ ሆኗል» አለችኝ፤ የወጪ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የፈረሙትን ሰው ስም ሳይቀር አነበበችልኝ። ወጪ ሆኗል! ይህን የመዝገብ ቤት አማርኛ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። ሮጬ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው፣ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው እዚያው መሐረብ ውስጥ፣ ከቀሩት ሦስት ፎቶግራፎች ጋር አስቀመጡት።

«እንግዲህ አሁን ወደ ጡረታው ነው የምሄደው» አሉኝ። «እዚያስ ፕሮሰሱ ምድር ቤት ነው?»